የሽቦ ፊደል

ፌራዮ ነኝ። ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ አስፋልቱ ካለቀበት፣
ቀዩ ጭቃ ጫማ አውልቆ ከሚያስቀርበት።
ባለ ስምንቱን ብረት ከባለ አሥሩ
በጨለማም ይለየዋል መዳፌ፤
በደብተር ከሆነ ግን
አራተኛ ክፍል ላይ ነው ያለቀው ምዕራፌ።

ሩሐማ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገባች።
የጧት ፈረቃ ናት፤ ለምሳ ትመጣለች።
ስልሳ አምስት ልጅ ናቸው፣ ባንድ ዴስክ ላይ አራት፤
ቲቸር አስናቁ ኅዳር ሳይገባ ጉሮሮዋ ተዘግቶባት
በማስመሪያ ጫፍ ታስነብባለች፣ ሀ ሁ ሂን በምልክት።

ደብተሯን ሳየው እርሳሱ ወረቀቱን ወግቶታል፤
ፊደሉ ከመስመር ወርዶ እንደ ሰካራም ተጋድሟል።
«መጀመሪያ ጣትሽ ይወቀው» ብዬ
ከሳይት የተረፈ ማሰሪያ ሽቦ ለቃቅሜ መጣሁ፤
እራት ሳይቀርብ፣ በፒንሳ ቆልምሜ ቆልምሜ
ሀ አወጣሁ፣ በ አወጣሁ፣
ባለ ሦስት እግሩን ሐመሩ ሐን አቆምኩ፤
ረ ላይ ስደርስ ሁለት ጊዜ ሰበርኩ።

መብራት የጠፋ ለት፣ ከፍራሹ ላይ በዳበሳ አግኝታ
«ይሄ ቀ ነው፣ አባ!» ትላለች እጇን አንሥታ፤
እቤትም ሳይፈቀድላት ማውራቱን ትታ።

ሒሳቡማ የኔ ነው፤ እንጀራዬ ነው ቁጥር፦
«አሥራ ሦስት ስታፋ ነበር፤
አምስቱ ታሰሩ። ስንት ቀረ?»
ጣቷን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ ግንባሯ ተቋጠረ።
ቆይታ፣ ቆይታ፣
«አባ፣ አምስቱ ምን አጥፍተው ነው የታሰሩት?»
እናቷ ሽንኩርቱን ትታ ከሳቋ ጋር ታገለች፤
ሩሐማ የተሳቀባት መስሏት አለቀሰች።
ስምንት መሆኑን የነገረችኝ
በማግሥቱ ነው፣ ጫማዋን እያሰረች።

ከዚያ «ወላጅ ይምጣ» የሚል ወረቀት መጣ።
ሄድኩ፣ ቱታዬ በሲሚንቶ እንደነጣ።
ጉልበቴ ዴስኩ ሥር አልገባ ብሎ በጎኔ ተቀመጥኩ።
ቲቸር ደብተሩን ዘረጋች፣ ጎንበስ ብዬ አየሁ፦
ሀ ልክ ነው። በ ልክ ነው። ሐም ልክ ነው።
ሩ ግን ፊቷን አዙራለች፣ ገ ጀርባውን ሰጥቷል፣
ነ ከመስታወት ውስጥ እንደሚያይ ሰው ቆሟል።
«ከየት ነው የለመደችው?»
ልጄ ቦርሳዋን ከፍታ ሽቦዎቿን ዘረገፈች።
ቲቸር አንዱን አነሣች። ገለበጠችው። ዝም አለች።
ደግማ ገለበጠች።

ያኔ ገባኝ።
ሽቦ ፊት የለውም፤ ሽቦ ጀርባ የለው።
ሀን ብትገለብጠው ያው ሀ ነው፤
ረ ግን ሲገለበጥ የማንም አይደለም።
አሥራ ሰባት ዓመት አንድ ኮለን እንኳ ሳልስት
የገዛ ልጄን ስም
ገልብጬ አስያዝኳት።

ወቀሳ ስጠብቅ፣ ቲቸር አስናቁ ቦርሳዋን በረበረች፤
ግማሹ የደረቀ የጥፍር ቀለም፣ ቀይ፣ አወጣች፤
በየሽቦው ፊት አንዳንድ ነጥብ፣ እፍ እያለች፦
«ቀዩ ከታየሽ ፊቱ ነው፤ ካልታየሽ አዙሪው»፣
በዚያ በሻከረ ድምጿ።
እኔም አብሬ ቆጠርኩ። ሠላሳ አራት ነጥብ።
ቀለም የቆጠረ ሰው ሲባል እሰማ ነበር፤
ይኸው፣ ቆጠርኩ።

ጠርሙሷን ለሩሐማ ሰጠቻት።
እሁድ ከሰዓት፣ እግሬን ዘርግቼ ሳንቀላፋ
አውራ ጣቴ ቀዘቀዘኝ።
«ቀኝህ ይሄ ነው፣ አባ፤ እንዳትረሳው» አለችኝ።
ሰኞ ሳይት ላይ ፎርማኑ «ሙሽራ!» ብሎ ጮኸ፣
ግንበኛው ሁሉ ተንከተከተ።
ዝም ብዬ ፒንሳዬን አነሣሁ፣
በቀዩ።

አሁን ጥር ነው። ጥፍሬ አድጎ ቀለሙ ጫፍ ላይ ቀርቷል።
ሩ ማክሰኞ ወደ ቀኝ ትሄዳለች፤
ረቡዕ ትረሳና ወደ ግራ።